ባለሁለት ሾክ ሳይክል «ያመኛል» ለምትሉኝ

ጎማ መንፋት፣ ካቴና ማጽዳት፣ ፍሬን ማጥበቅ አላስተምርም። ባሕር ዳር አድጎ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። የማወራው ከፊትም ከኋላም ሾክ ስላላቸው የተራራ ሳይክሎች ነው። አንዳንዱ ከውጭ በዘመድ በኩል በካርቶን ይመጣል፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ተገዝቶ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ይመጣል፣ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት እኔ ጋ ይመጣል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ከተማችን ሜዳ ናት። ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ለሚመላለስ ሰው የኋላ ሾክ ምን እንደሚሠራለት እስካሁን አልገባኝም። ወደ ቤዛዊት ለምትወጡ፣ በጢስ ዓባይ መንገድ ወይም በዘጌ ጫካ ሥር እየዘለላችሁ ለምትሄዱ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። እናንተ ቀጥሉ።

ሲጥ ሲጥ ይላል

አቧራ ነው። የኋላው ክፍል በሚታጠፍባቸው ቦታዎች ኩሽኔታዎች አሉ። በጋ አቧራው፣ ክረምት ጭቃው ይገባባቸዋል። ቡሎኑን ፍቱ፣ ኩሽኔታውን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ሸካራ ከሆነ ወይም ከያዘ ቀይሩት። ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ፦ ለምሳሌ 6902 ከሆነ ውስጡ 15፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሲገባ የሚገፋው የውጩ ቀለበት ነው። የውስጡን በመዶሻ የመታ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ እዚያው ገደለው ማለት ነው።

ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውኃ አታስመቱት። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አትቀቡ። ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናል። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔም ረሳሁት።

በቁልቁለት ይደፋኛል፣ በዳገት የፊት ጎማው ይነሳል፣ መዳፌ ይደነዝዛል፣ ጉልበቴ መሪውን ይነካል፣ የኮርቻው ቱቦ ተሰነጠቀ

አምስት በሽታ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሳይክሉ ልካችሁ አይደለም።

«ኧረ ልኬ ነው፣ 17 ኢንች ነው፣ ድሮም የምነዳው 17 ነበር» ይሉኛል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያ 17 ኢንች የሚነግራችሁ የኮርቻውን ቱቦ ርዝመት ብቻ ነው። ድሮ የሳይክሉ ርዝመት ከዚያ ቱቦ ጋር አብሮ ያድግ ስለነበር ቁጥሩ ይሠራ ነበር። አሁን ተለያይተዋል። ፋብሪካዎቹ የኮርቻውን ቱቦ አሳጠሩት፣ ምክንያቱም መሪው ላይ ባለ ቁልፍ ከፍ ዝቅ የሚል የኮርቻ ዘንግ መጣ። ድሮፐር ይሉታል። ያ ዘንግ ወደ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ ድሮ 17 ኢንች መካከለኛ ነበር፤ ዛሬ ትልቅ ተብሎ የሚሸጥ ፍሬም ላይ 17 ኢንች ቱቦ ታገኛላችሁ።

በሌላ በኩል ፍሬሙ ወደ ፊት ረዘመ። ከፔዳሉ እምብርት፣ የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት መሃል ማለቴ ነው፣ እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው አግድም ርቀት ሪች ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት በተሠሩት መካከለኛ ሳይክሎች ላይ ይህ 400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነበር። አሁን መካከለኛው 450 አካባቢ ነው፤ ትልቁ 470 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። መሪውን ከፊት ሹካው ጋር የሚያያይዘው የመሪ አንገት ደግሞ ተቃራኒውን ሄደ፦ ከ90 እና 100 ሚሊ ሜትር ወደ 40 እና 50 አጠረ። የፊት ሹካው ወደ ፊት ተኛ፤ ድሮ ከመሬት ጋር 70 ዲግሪ የነበረው አሁን 65 አካባቢ ነው። የኮርቻው ቱቦ ግን ቀና አለ፤ ከ73 ወደ 76 እና 77።

እነዚህ አራቱ አብረው ነው የተለወጡት። አንዱን ከድሮው፣ ሌላውን ከአዲሱ ስትቀላቅሉ ነው ጣጣው። ተቀምጣችሁ ስትነዱ ረጅሙ ፍሬም በአጭር አንገት፣ አጭሩ ፍሬም በረጅም አንገት ተመሳሳይ ሊመስላችሁ ይችላል። ሱቅ በር ላይ አንድ ዙር ነድቶ «ተስማማኝ» የሚል ሰው የሚሸወደው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ፔዳል ላይ ቆማችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ ነው።

ስለዚህ ስቲከሩን እርሱት። ለኩት። የግንበኛ ቱንቢ ፈልጉ። ሳይክሉን ሜዳ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ጎማው የተነፋ ይሁን፣ ማንም አይቀመጥበት። ቱንቢውን ከመሪው ቱቦ አናት መሃል አውርዱ። ከዚያ ክር እስከ ፔዳሉ እምብርት መሃል ያለውን በአግድም ለኩ። ሪች ማለት ይኸው ነው። ከገዛችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ፎቶ ብቻ የሚልክ ከሆነ በሜትር እንዲለካላችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ተዉት።

በእኔ እጅ ያለፉትን ሳይ፣ ቁመቱ 1.65 አካባቢ ለሆነ ሰው ከ420 እስከ 440፣ 1.75 ለሆነ ከ445 እስከ 465፣ 1.85 ለደረሰ ከ475 በላይ ያለው ይመቸዋል። ክንዱ ረጅም የሆነ ትንሽ ይጨምራል። ሁለት ልክ መሃል ከወደቃችሁና መንገዳችሁ ጠመዝማዛ ከሆነ፣ ዘጌ ውስጥ በቡና ዛፍ መሃል እንደሚጠማዘዘው ማለቴ ነው፣ አጭሩን ውሰዱ። ቁልቁለት በፍጥነት መውረድ ከወደዳችሁ ረጅሙን።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ሁለት ዓይነት ነው የሚመጣልኝ።

አንደኛው ረጅም ሰው በአጭር ሳይክል። አንድ ልጅ ነበር፣ ቁመቱ ከእኔ በር ጋር እኩል ነው። ርካሽ አገኘሁ ብሎ ትንሹን ልክ ገዛ። ጉልበቱ ሲታጠፍበት ምን አደረገ? የኮርቻውን ዘንግ ወደ ላይ መዘዘው። ዘንጉ ላይ «ከዚህ አታውጣ» የሚል መስመር አለ። መስመሩ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል! ውስጥ የቀረው አራት ጣት አይሞላም። በሦስተኛው ሳምንት ቱቦው ከላይኛው ቱቦ ጋር በተበየደበት ቦታ ተሰነጠቀ። ዘንጉ ቢያንስ ከዚያ መጋጠሚያ በታች መውረድ አለበት፤ መስመሩ ቢፈቅድም እንኳ ይህን አረጋግጡ። ባለሁለት ሾክ ላይ ደግሞ ይብሳል። የኋላው ክፍል የሚታጠፍበት ቦታ መንገድ ስለሚዘጋ ብዙ ቱቦዎች መሃል ላይ ጎብጠዋል ወይም ተቋርጠዋል። ውስጡ እንደምታስቡት ጥልቅ አይደለም።

ሌላም ተንኮል አለው። ካታሎጉ ላይ የሚጻፈው 76 ዲግሪ የታሰበ መስመር ነው። እውነተኛው ቱቦ ብዙ ጊዜ ከዚያ የበለጠ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። 68 ዲግሪ ከሆነ፣ ዘንጉን 10 ሳንቲ ሜትር በመዘዛችሁ ቁጥር ኮርቻው 3.7 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ረጅሙ ሰውዬ የኋላው ጎማ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሾኩ ይሰምጣል፣ የፊት ጎማው ዳገት ላይ ይነሳል፣ እሱ «ሾኩ ተበላሸ» ብሎ ይመጣል። ሾኩ ምንም አልሆነ።

ያ ልጅ በስንጥቁ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ብየዳ ቤት ወሰደው። የበር ብረት የሚበይድ ሰው ነው የበየደለት። አሉሚኒየም ፍሬም ፋብሪካ ውስጥ ከተበየደ በኋላ በሙቀት ታክሞ ነው ጥንካሬውን የሚያገኘው። እዚህ ስትበይዱት ዙሪያው ይለሰልሳል። መልኩ ያምራል፣ ቀለምም ቀብቶታል። ወደ ጢስ ዓባይ ስንሄድ ከብየዳው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ተቆረጠ። ኮርቻውን በእጁ ይዞ ነው የተመለሰው፤ ሳይክሉን ባጃጅ ጭኖለት። እየሳቅኩ አይደለም የምጽፈው፣ ትንሽ ግን ስቄአለሁ። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም አይበየድም። የኋላውን ክፍል፣ ሾኩን፣ ጎማዎቹን አውጥታችሁ ሽጡ፣ ፍሬም ፈልጉ።

መፍትሔው ታዲያ? ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ረጅም የኮርቻ ዘንግ ግዙ፣ 400 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ ያለውን። ኮርቻውን በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ግፉት። የመሪ አንገቱን በ10 ወይም 20 ሚሊ ሜትር አስረዝሙ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ዘንግ ስትገዙ ውፍረቱን ዘንጉ ላይ አንብቡ፦ 27.2፣ 30.9፣ 31.6፣ 34.9 አሉ። 30.9 እና 31.6 በዓይን አይለዩም። 31.6 ቱቦ ውስጥ 30.9 አስገብቶ በቢራ ቆርቆሮ ጠቅልሎ የመጣ ሰው አለ። ቆርቆሮው ተጨራምቶ ዘንጉ ውስጥ ተቀረቀረና ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ማስተካከያ ቱቦ ቶርኖ ቤት በልኩ ይሠራላችኋል፤ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ሁለተኛው አጭር ሰው በረጅም ሳይክል ነው። ይህ ባብዛኛው ስጦታ ነው። ወንድም ከውጭ ላከ፣ የራሱን ልክ ላከ። አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ቁመታቸው 1.64 ይሆናል። የመጣላቸው ትልቁ ልክ ነው፣ ሪቹ 480። መሪው አልደርስ ሲላቸው አንድ ጎበዝ ነኝ ባይ የመሪ አንገቱን ወደ ኋላ ገልብጦ ገጠመላቸው። መሪው ወደ ደረታቸው መጣ፣ ደስ አላቸው። ከቤዛዊት ሲወርዱ ግን ሳይክሉ እንደ ሰከረ በሬ ሄደ። የፊት ጎማው ሩቅ ነው፣ ክብደታቸው ኋላ ነው፣ ጎማው መሬት አይዝም። ጥምዝ ላይ ቀጥ ብሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እግዜር ይመስገን ጭረት ብቻ ነው። አንገቱን አትገልብጡ። እባካችሁ አትገልብጡ። በ35 ሚሊ ሜትር አንገት እና ወደ ኋላ በትንሹ በታጠፈ መሪ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ማዳን ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ለረጅም ሰው ሽጡት፣ ወይም ተለዋወጡ። ጋሼም በስተመጨረሻ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ጋር ተለዋወጡ፤ ሁለቱም አሁን ደህና ናቸው። ለወንድማቸው ነገሩት ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ኮርቻውን ወደ ፊት በመግፋት ረጅም ሳይክል ማሳጠር የሚሞክሩም አሉ። ኮርቻ የሚቀመጠው ለጉልበት ነው፣ ለእጅ አይደለም። ጉልበት ያማል፣ እጁም አይደርስም።

ሾኩ ይሰምጣል፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይመታል

ልኩ ትክክል ሆኖ ይህ ካለ አየር ነው። ስትቀመጡበት ሾኩ ከጉዞው፣ ሲጨመቅ ከሚሄደው ሙሉ ርቀት ማለት ነው፣ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይግባ። የሾኩ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ12.5 እስከ 15 ማለት ነው። የሾኩ ዘንግ ላይ ያለው ቀጭን ጎማ ቀለበት የት እንደቆመ እዩ። ቀለበቱ ከጠፋ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀጭን ክር ቆርጣችሁ እሰሩበት። በክብደታችሁ ሙሉ፣ ቦርሳችሁንም አዝላችሁ ለኩ።

ጎሚስታ ጋ አታስነፉት። ሾክ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይፈልጋል፣ የሚይዘው አየር ግን ከቡና ሲኒ አይበልጥም። በኮምፕረሰር አይለካም፣ ቱቦውን ስትነቅሉም ያመልጣል። የሾክ ፓምፕ ግዙ ወይም ተዋሱ።

አየር ተሞልቶም ቁልቁል ተጣብቆ ከቀረ አትፍቱት። ውስጡ የታመቀ አየር ስላለ ዓይን ያጠፋል። መሣሪያው ላለው ሰው ስጡት።

ሾክ ቀየርኩ፣ ሳይክሉ ሌላ ሆነ

ርዝመቱን አላያችሁም። ድሮ 200 በ57፣ 216 በ63 የሚባሉ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሾኩ ርዝመት፣ ሁለተኛው ጉዞው ነው፣ በሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 210 በ55፣ 230 በ65 የመሳሰሉ አዳዲስ ልኮች መጡ። አሥር ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል አትበሉ፦ የኋላው ክፍል ያንን አብዝቶ ያሳየዋል። ሳይክሉ ከኋላ ይነሳል፣ የፊት ሹካው ይቀናል። ጉዞው የረዘመ ሾክ ከሆነ ደግሞ ጎማው መጨረሻ ላይ የኮርቻውን ቱቦ ይመታል። ፍሬሙ የጠየቀውን ብቻ ግጠሙ።

የቀሩት ባጭሩ

የ26 ኢንች ፍሬም ላይ 29 ኢንች ቸርኬ አይገባም። አትለምኑኝ።

የኋላው ቸርኬ አልገባም ካለ የአክስሉን፣ ቸርኬው የሚሽከረከርበትን ዘንግ፣ ስፋት ለኩ፦ 135፣ 142 እና 148 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ።

ገበያ ላይ ያለው ባለሞላ ርካሹ፣ እንደ ፈረስ የሚያዘልለው፣ ዝላዩን የሚያበርድ ማስታገሻ የለውም፣ ሞላ ብቻ ነው። ቦኮላው ፕላስቲክ ነው። መፍትሔ የለውም፤ ሞላውን አጥብቃችሁ ዳቦ ቤት ተላላኩበት።

የካርቦን ፍሬም ወድቆ ከሆነ በሳንቲም ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ የደነዘዘ ከሆነ እዚያ ውስጡ ተሰብሯል፣ አትንዱት።