በግል ጽሑፍ ገንዘብ ሲያገኙ የአንባቢን አደራ እንዴት ይጠብቃሉ?

በግሉ የሚጽፍ ወይም ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ከሥራው ገንዘብ ቢያገኝ ነውር የለበትም። ለዝግጅት የሚጠፋው ሌሊት፣ የኢንተርኔቱ ወጪና የካሜራው ዋጋ ከአንድ ቦታ መሸፈን አለባቸው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንባቢው የግል ጽሑፍን የሚቀበልበት መንፈስ ማስታወቂያን ከሚቀበልበት የተለየ በመሆኑ ነው። ደላላ ቤት ሲያሳየን ኮሚሽን እንዳለው ስለምናውቅ የሚናገረውን ቀንሰን እንሰማለን፣ ዋጋውንም እንከራከራለን፤ ጎረቤታችንን ስንጠይቅ ግን የተነገረንን እንዳለ እንቀበላለን። አንባቢ የሚከታተለውን ጸሐፊ የሚሰማው እንደ ጎረቤት ነውና፣ ጸሐፊው በጎረቤት አንደበት እየተናገረ የደላላ ኮሚሽን ሲቀበል አንባቢው ሊጠነቀቅ የሚችልበትን ዕድል ሳያውቀው ያጣል። ከዚህ በታች የተጻፉት እርምጃዎች ይህን ዕድል ለአንባቢው ለመመለስ የታሰቡ ናቸው።

1. የተቀበሉትን ሁሉ ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ይያዙና ስለሚጽፉት ነገር ከማን ምን እንዳገኙ በየጊዜው ይጻፉ። ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ በነጻ የተሰጠ ዕቃ፣ ልዩ ቅናሽ፣ ያለ ክፍያ ያደሩበት ሆቴል፣ አንባቢው ተጭኖ ሲገዛ ኮሚሽን የሚያስገኝልዎ ሊንክ፣ እንዲሁም ባለሱቁ ዘመድዎ ወይም አሠሪዎ መሆኑ ጭምር መመዝገብ አለባቸው። ሸማቾችን ከአሳሳች ንግድ የሚጠብቀው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን፣ ስለ ምርት ምስክርነት እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣውንና በ2009 በግላቸው ለሚጽፉ ሰዎችም እንዲሠራ አድርጎ ያሻሻለውን መመሪያ ያነበበ ሰው፣ በነጻ የተሰጠ ዕቃም ሆነ የቤተሰብ ዝምድና ለአንባቢ ሊገለጽ የሚገባው ግንኙነት ሆኖ መቆጠሩን ይረዳል።

ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሻጭ የኤሌክትሪክ ምጣድ በነጻ ሰጠኝ። ገንዘብ ስላልተቀበልኩ ማስታወቂያ የሠራሁ አልመሰለኝም፤ ሁለት ጊዜ ጋግሬበት እሳቱ እኩል እንደሆነና እንጀራው ዓይን እንደሚያወጣ ጻፍኩ፤ በስጦታ ማግኘቴን ግን አላነሣሁም። ከሦስት ወር በኋላ አንዲት አንባቢ የገዛችው ምጣድ ሽቦው እንደተቃጠለ ገልጻ፣ «በነጻ እንደተሰጠዎ ባውቅ ኖሮ ጎረቤቶቼንም ጠይቄ ነበር የምገዛው» ስትል ጻፈችልኝ። ይህቺ ሴት ስጦታ መቀበሌን አልተቃወመችም፤ የጠየቀችው መጠንቀቅ የምትችልበትን መረጃ ለምን እንደነፈግኋት ነበር።

2. እምቢ የሚሉትን አስቀድመው ይወስኑ

ገንዘቡ ፊት ለፊት ከተቀመጠ በኋላ መወሰን ከባድ ስለሆነ፣ ገና ማንም ሳይጠይቅዎ በምንም ዋጋ የማያስተዋውቋቸውን ነገሮች ጽፈው ያስቀምጡ። የእኔ መለኪያ ጉዳቱ ሊመለስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። የተቃጠለ ምጣድ ይተካል። በሐሰት ተስፋ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሕመምተኛ፣ የዓመታት ቁጠባውን ትርፍ ቃል ለገባለት ሰው ያስረከበ አባወራ ወይም ላልተሠራ ቤት ቅድሚያ ክፍያ የከፈለ ስደተኛ ግን ያጣውን መልሶ ላያገኝ ይችላል።

በተለይ ገና መሠረቱ ስላልወጣ አፓርታማ ለማውራት ገንዘብ ሲቀርብልዎ ቆም ይበሉ። ቪዲዮውን በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ሆኖ የሚመለከት ወገን ቦታውን ሄዶ ማየት ስለማይችል በእርስዎ ዓይን ያያል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና የግንባታ ፈቃዱን ያሳዩኝ ብለው ይጠይቁ፣ ቦታው ላይ ራስዎ ይቁሙ፣ ስንት ወለል እንደተሠራ በዚያው ቀን በተቀረጸ ምስል ያሳዩ፤ ሻጩ ሰነዶቹን ለማሳየት ካንገራገረ ክፍያው ምንም ያህል ቢሆን ይተዉት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ቢሆንም፣ ሕጉ ደርሶ ሰውን እስኪያስጥል ብዙ ቤተሰብ ሊጎዳ ይችላል።

3. ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ

ብዙውን ጊዜ ነገሩ በስልክ ይጀመርና በስልክ ያልቃል፤ በኋላም ከፋዩ «ይህቺን ነገር ከጽሑፉ ውስጥ አስወጣልን» ሲል የሚያዝበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት እንዲህ ያለ መልእክት ይላኩ፦ «ስለ ምርታችሁ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ። ክፍያው የሚፈጸመው አስተያየቴ ምንም ይሁን ምን ነው። ረቂቁን አስቀድማችሁ የምታዩት የዋጋ ወይም የአድራሻ ስህተት ካለ ለማረም ብቻ ነው። እንደከፈላችሁኝ በመጀመሪያው መስመር እገልጻለሁ፤ ይህ መስመር አይነሣም።» በዚህ የማይስማማ ድርጅት ሊገዛ የፈለገው ጽሑፍዎን ሳይሆን አንባቢዎ በእርስዎ ላይ ያለውን እምነት እንደሆነ ይወቁ።

ምርጫ ካለዎት በቁርጥ መከፈል ይሻላል። በሽያጭ ልክ የሚታሰብ ኮሚሽን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ «ግዙ» ስለሚጎትት፣ ቀና የሆነ ሰውንም ሳያስበው ያጋድለዋል።

4. ክፍያውን በግልጽ ቋንቋ፣ ከምስጋናው በፊት ይናገሩ

የመግለጫው ቦታ መጀመሪያው ነው። ከጽሑፉ ግርጌ ወይም «ተጨማሪ ያንብቡ» ከሚለው በስተኋላ የተቀመጠ መግለጫ አንባቢው ካመነ በኋላ የሚደርስ ነው። በቪዲዮ ከሆነ በአፍዎ ይናገሩት፣ በጽሑፍም ያሳዩት፤ በቀጥታ ሥርጭት ከሆነ ዘግይቶ የሚገባው ሰው እንዲሰማው እየደጋገሙ ያንሡት። ዩቲዩብ የተከፈለበት ማስተዋወቅ መኖሩን ሲያመለክቱ በቪዲዮው መጀመሪያ ለ10 ሰከንድ ምልክት ያሳያል፤ ይህን መሙላት ተገቢ ቢሆንም በእርሱ ብቻ አይተማመኑ።

ቋንቋው ጽሑፉ የተጻፈበት ቋንቋ መሆን አለበት፤ በአማርኛ እያወሩ በእንግሊዝኛ ትንሽ ምልክት መለጠፍ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ከመረጃው ውጭ ያደርጋል። «ከእነ እገሌ ጋር በመተባበር» የሚለው አነጋገር ምንም አይናገርም። «ስፖንሰር» የሚለውም ቃል ለብዙ ሰው የሩጫ ውድድር ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚደግፍ ድርጅትን እንጂ ለአስተያየት መከፈልን አያስታውስም። «ይህን እንድጽፍ ሻጩ ገንዘብ ከፍሎኛል»፣ «ዕቃውን በነጻ ሰጥተውኛል»፣ «በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ኮሚሽን አገኛለሁ» የሚሉት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ግን ማንም ይረዳቸዋል።

መጠኑስ ይነገራል? ለተራ ዕቃ ግዴታ ባይሆንም፣ ሰው ገንዘቡን እንዲያፈስስ ለሚጋበዝበት ነገር መነገር አለበት እላለሁ። አሜሪካዊቷ ዝነኛ ኪም ካርዳሺያን ኢቴሪየም ማክስ የተባለውን ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) በኢንስታግራም ስታስተዋውቅ ማስታወቂያ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ለጥፋ ነበር፤ ሆኖም 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ባለመግለጿ የአሜሪካ የአክሲዮንና የኢንቨስትመንት ገበያ ተቆጣጣሪ የሆነው ሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ጉዳዩን ይዞት፣ ጥፋቱን ሳታምንም ሳትክድም 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች።

5. ያልመረጡትን ማስታወቂያ ለይተው ያሳውቁ

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች በእነርሱ ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ ገቢ 50 በመቶውን ያካፍላል። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የሚመርጠው ድርጅቱ እንጂ እርስዎ ስላልሆኑ፣ ይህንኑ በአንድ መስመር ይግለጹ። ገቢዎን፣ ከየትም ይምጣ፣ ለግብር ያሳውቁ። ለታመመ ሰው ዕርዳታ የሚያሰባስቡ ከሆነም የዕርዳታው ሒሳብ ከእርስዎ ገቢ ጋር በምንም መንገድ አይቀላቀል።

6. ከተሳሳቱ ጽሑፉን ሳይሰርዙ ያርሙ

ያሞገሱት ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚመጣው ፈተና ጽሑፉን ማጥፋት ነው። ቢያጠፉት አምነው የገዙት ሰዎች ማስጠንቀቂያውን የሚያገኙበት ቦታ አብሮ ይጠፋል። እርማቱን ከጽሑፉ በላይ፣ ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ምን እንደተሳሳቱ፣ ምን እንደተቀበሉና አሁን ምን እንደሚያስቡ ይጻፉ፤ በጊዜው በተለያየ ቦታ ያሰራጩትም ከሆነ እርማቱን በዚያው ቦታ ሁሉ ይድገሙ።

እኔም የምጣዱን ጽሑፍ እንደነበረ ትቼ፣ በራሱ ላይ ዕቃው በስጦታ እንደተሰጠኝ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደጋገርኩበትና የአንዲት ገዢ ሽቦ በሦስት ወር ውስጥ እንደተቃጠለ ጻፍኩ። ለአንባቢዋም ይቅርታ ጠይቄ እርማቱን ላክሁላት። ሻጩ ደውሎ ቅር እንደተሰኘ ነገረኝ፤ ምጣዱን መለስኩለት።