ስክሪን ላይ ያምራል፣ ወረቀት ላይ ይበላሻል፦ ድረ ገጽ ፕሪንት ሲደረግ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኅትመት ተቆርጦ ወይም ተደራርቦ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሪንተሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የድረ ገጹ ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ ነው። ለመለየት ኮንትሮልና ፒ የሚሉትን ቁልፎች አብረው ተጭነው ቅድመ እይታውን ይመልከቱ፤ ብልሽቱ እዚያው ከታየ ፕሪንተሩ ነፃ ነው። ሳይቱን የምትሠሩ ሰዎች፣ ማስተካከያውን በሲኤስኤሱ መጨረሻ «ሚዲያ ፕሪንት» በሚለው ደንብ ውስጥ አስገቡት፤ ስክሪን ላይ ያለውን አይነካም። ለኅትመት ብቻ ሌላ ገጽ ማዘጋጀት አንመክርም፤ ዋናው ሲታደስ ያኛው ተረስቶ ይቀራል።

የመጀመሪያው ወረቀት ብቻ ይወጣል

ጽሑፉን የያዘው ሳጥን ቁመቱ በስክሪኑ ልክ ተወስኖ፣ ኦቨርፍሎው (ከሳጥኑ የተረፈው ምን ይሁን የሚለው ትእዛዝ) ሂደን ወይም ስክሮል ተሰጥቶታል። ወረቀት ስክሮል ስለማይደረግ ከሳጥኑ የተረፈው ሁሉ ይጠፋል። በኅትመት ደንቡ ሃይትን ኦቶ፣ ኦቨርፍሎውን ቪዝብል አድርጉ። ይህ ለሳጥኑ ብቻ ሳይሆን እሱን ለያዙት ሁሉ፣ እስከ ቦዲና ኤችቲኤምኤል ድረስ መደረግ አለበት፤ አንዱ ከተዘለለ ችግሩ ባለበት ይቆያል።

ከላይ ያለው ሜኑ በየወረቀቱ እየተደገመ ጽሑፍ ይሸፍናል

ፖዚሽን ፊክስድ የተባለ፣ ማለትም ገጹ ሲወርድም ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ይታተማል። ሜኑውን፣ የመፈለጊያ ሳጥኑንና የሼር ቁልፎችን ዲስፕሌይ ነን አድርጉ፣ እንዳይታዩ። የድርጅቱ ስምና ሎጎ ግን ይቆይ፣ ፖዚሽኑ ስታቲክ ይሁን፤ ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት።

የስልክ ቅርጽ ይዞ ይወጣል፣ ወይም ፊደሉ ጥቃቅን ይሆናል

ሁለቱም የስፋት ጉዳይ ናቸው። የኤ4 ወረቀት ስፋት 210 ሚሊ ሜትር ነው፤ በብራውዘር ስሌት 794 ፒክስል ገደማ። በግራና በቀኝ 2 ሴንቲ ሜትር ህዳግ ሲቀነስ የሚቀረው 643 አካባቢ ነው። ስለዚህ «ከ900 ፒክስል በታች» ተብሎ ለስልክና ለታብሌት የተጻፈ ደንብ ወረቀቱንም ይይዘዋል። ደንቡ ላይ «ስክሪን» የሚለው ቃል ከተጨመረ ኅትመቱን ይተወዋል።

በተቃራኒው አንድ ሳጥን ወይም ምስል ስፋቱ 1200 ፒክስል ተብሎ ከተወሰነ፣ ብራውዘሩ እሱን ለማስገባት ሲል ገጹን በሙሉ ያሳንሰዋል። ስፋቱን ኦቶ፣ የምስሎችን ማክስ ዊድዝ 100 ፐርሰንት አድርጉ። የፊደል መጠን በፖይንት ይሰጥ፤ ለአማርኛ 12 ጥሩ ነው። ከ11 በታች ሲወርድ እንደ ጨ እና ጠ ያሉት ፊደላት፣ በተለይ ቀለሙ ባለቀ ፕሪንተር፣ ለመለየት ያስቸግራሉ።

ሠንጠረዡ መሀል ላይ ይቆረጣል

የሠንጠረዡን ረድፎች ብሬክ ኢንሳይድ አቮይድ (መሀል ላይ አይቆረጥ) በሏቸው። የዓምዶቹ ርዕስ ቲሄድ በሚባለው የኤችቲኤምኤል የሠንጠረዥ ራስጌ ውስጥ ከገባ በየወረቀቱ አናት ይደገማል።

ምስል ወይም መልስ ይጎድላል

ተጭነው የሚከፈቱ ጥያቄና መልሶች እንደተዘጉ ከታተሙ ጥያቄው ብቻ ይወጣል። ቢፎር ፕሪንት በሚባለው ክስተት ሁሉንም የሚከፍት ጥቂት የጃቫስክሪፕት መስመር ይበቃል። አንባቢ ከሆኑ በእጅዎ ከፍተው፣ ምስሎቹም እንዲጫኑ እስከ ገጹ መጨረሻ ወርደው ከዚያ ያትሙ።

በአማርኛው ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ

ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት የለውም፣ ሳይቱም ይዞ አልመጣም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው የኅትመት ደንቡ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ፣ ግዕዝ የሌለበት ታይምስ ኒው ሮማን ብቻ ተጽፎበት ሲቀር ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ከሳይቱ ጋር እንዲወርድ አድርጋችሁ፣ በኅትመት ደንቡም ስሙን ጻፉት።

ሳይቱ የእርስዎ ካልሆነ

ፋየርፎክስ ወይም ኤጅ ላይ ኤፍ9 ሲጫኑ ብዙ ጽሑፎች ማስታወቂያና ሜኑ ተራግፎላቸው ይቀርባሉ፤ ያንን ያትሙ። የጀርባ ቀለም ትርጉም ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀለም የተቀቡ የሠንጠረዥ ክፍሎች ካሉ፣ ክሮም ላይ «ባክግራውንድ ግራፊክስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። የወረቀቱ መጠን «ሌተር» ተብሎ እንደሆነም ይዩ፤ ወደ ኤ4 ይቀይሩት።

ኮፒ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ሊንኩን ይዘው አይሂዱ። ቤትዎ ሆነው በፒዲኤፍ ያስቀምጡት፤ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ስለሚሄድ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ አይበላሽም። በቴሌግራም ሲልኩም ፒዲኤፉን ራሱን በፋይልነት ይላኩ፤ ስክሪንሹት በፎቶ መልክ ከተላከ ይጨመቅና ፊደሉ ይደበዝዛል። ስንት ወረቀት እንደሚሆን ከመክፈልዎ በፊት ፒዲኤፉ ላይ ይቁጠሩ፤ መጨረሻ ላይ ባዶ ወይም አስተያየት ብቻ ያለበት ወረቀት ካለ «ፔጅስ» በሚለው ቦታ የሚፈልጉትን ብቻ፣ ለምሳሌ 1-3 ብለው ያስገቡ።