ጀርመን ውስጥ ዝምታ ይነቅዛል፦ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው መጋቢት አንድ ልጅ ክፍል ሄጄ ነበር። ጥቅምት ላይ ነው ጀርመን የገባው፤ ማስተርሱን ይማራል። ቡና ልንጠጣ ነው የተገናኘነው። ማቀዝቀዣው ላይ የደብዳቤ ክምር አየሁ። አንዱም አልተከፈተም።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«እኔ እንጃ። በጀርመንኛ ነው። ማስታወቂያ መሰለኝ።»

ከክምሩ መሃል ቢጫ ፖስታ አለ። እዚህ የኖረ ሰው ቢጫ ፖስታ ሲያይ ሆዱ ይላወሳል። ቡናው ቀረና ደብዳቤ መክፈት ጀመርን።

እኛ አገር «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ጀርመን ውስጥ ግን ይነቅዛል፣ ያውም ወለድ እየጨመረ። እኔ ራሴ የሠራኋቸውን፣ ሌሎችም ሲሠሩ ያየኋቸውን ስህተቶች ሳስብ አብዛኞቹ ካለማወቅ ብቻ የመጡ አይደሉም። ይሉኝታ ነው። መጠየቅ እናፍራለን፤ እምቢ ማለት እናፍራለን፤ አልገባኝም ማለት እናፍራለን።

1. ደብዳቤ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ

ጀርመን በቴክኖሎጂ የታወቀች አገር ናት፤ ዛሬም ግን የምትናገረው በፖስታ ነው። ባንኩ፣ የጤና መድኑ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮው ሁሉ ወረቀት ይልካሉ። የባንክ ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩ በተለያየ ቀን በተለያየ ፖስታ ይመጣሉ። ስለዚህ ቤት በገባችሁ ቀን መጀመሪያ የምታደርጉት የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስማችሁን መለጠፍ ነው። ስም ከሌለ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይመልሰዋል።

መኖሪያችሁን ባስመዘገባችሁ በሳምንታት ውስጥ የራዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ ደብዳቤ ይመጣል። በቤት በወር 18.36 ዩሮ ነው። «ቴሌቪዥን የለኝም» ማለት አይሠራም፤ የሚከፈለው ለቤቱ እንጂ ለቴሌቪዥኑ አይደለም። ቤት ተጋርታችሁ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ሰው ከከፈለ ይበቃል። ግን ማን እንደሚከፍል መልሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ዝም ካላችሁ ሒሳቡ ከገባችሁበት ወር ጀምሮ ይደመራል።

ቢጫው ፖስታ ደግሞ ሌላ ነው። ፖስተኛው ላዩ ላይ ቀን ይጽፍበታል። ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ ከፈታችሁት አልከፈታችሁት ጉዳያቸው አይደለም።

ጀርመንኛ ባትችሉ ችግር የለም። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ተርጉሙት። ግን ዛሬውኑ።

2. «ነገ ይደርሳል» ማለት

ቤት ከገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን ማስመዝገብ አለባችሁ። አንሜልዱንግ ይባላል። አከራዩ የሚፈርመው ወረቀት ያስፈልጋል፤ «አድራሻህን ማስመዝገብ አትችልም» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ያንን ቤት ተዉት። ሳታዩት «ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ ገንዘቡን ቀድመህ አስገባ» የሚላችሁማ ሌባ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድም ያው ነው። ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ቀጠሮ ያዙ፤ በትልልቅ ከተሞች ወረፋው ረጅም ነው። ዋናው ነገር ማመልከቻው ፈቃዱ ሳያልቅ መግባቱ ነው። ከገባ፣ አዲሱ ካርድ ቢዘገይም ጊዜያዊ ማረጋገጫ ይሰጣችኋል። አንድ ቀን ካለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

3. ስምን እንደመጣ መጻፍ

ፓስፖርታችሁ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአያታችሁ ስም ከሰፈረ፣ ጀርመን ውስጥ የምትጠሩት በአያታችሁ ነው። አያቴ ባሕር ተሻግረው አያውቁም። ዛሬ ግን ከጤና መድን፣ ከባንክ፣ ከቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ የሚጎርፈው በእርሳቸው ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሐኪም ቤት ስማቸው ሲጠራ ዝም ብዬ ተቀምጬ ተራዬ አልፎኛል።

ቀልዱ ይቅርና፣ ስማችሁን በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ብቻ ጻፉ። ዲግሪው ላይ አንድ ፊደል ተደርቦ፣ የባንክ ሒሳቡ ላይ የአባት ስም ብቻ ሆኖ ከተገኘ እነዚህ ሁለት ሰው ናቸው ብለው ነው የሚነሱት። የልደት ቀንም እንደዚሁ። የቀበሌ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስታስተረጉሙ ቀኑ በትክክል መቀየሩን ራሳችሁ አረጋግጡ።

4. «ሦስት ተኩል» ብሎ መስማት

ይቺ ለእኛ የተዘጋጀች ወጥመድ ትመስለኛለች። ጀርመኖች «ሃልፕ ድራይ» ሲሉ ቃል በቃል «ግማሽ ሦስት» ማለት ነው። እኛ ሦስት ተኩል ብለን እንሰማለን። እነሱ ግን ወደ ሦስት በግማሽ ላይ ነን ማለታቸው ነው፤ ሁለት ተኩል። ያ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ጭንቅላታችሁ ሁለት ጊዜ ይተረጉማል፤ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ቀጠሮ ሲሰጧችሁ «14:30 ነው?» ብላችሁ በቁጥር አስደግሟቸው። ማንም አይስቅባችሁም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ከሰዓቱ ጎን ሲ.ቲ. የሚሉ ሁለት ፊደሎች ካያችሁ ትምህርቱ ከተጻፈው 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል። ኤስ.ቲ. ከሆነ በሰዓቱ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

5. 992 ዩሮን ደመወዝ አድርጎ ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ልጅ የሚሰበረው እዚህ ነውና።

ለቪዛ ብላችሁ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ ታስገባላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው። እዚህ ስትደርሱ በየወሩ 992 ይለቀቅላችኋል። ይህ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም። አባት መሬት ሸጦ፣ እህት ከዓረብ አገር ልካ፣ ዕቁብ ቀድሞ ወጥቶ ነው የሞላው። ስለዚህ አገር ቤት ያለው ሰው ቁጥሩን ያውቀዋል። ሲያውቀው ደግሞ በብር ይመታዋል። በብር ከተመታ ሀብታም ናችሁ።

አሁን ቀንሱለት። የተማሪ መኖሪያ ከቀናችሁ ወደ 300 ዩሮ አካባቢ። ሙኒክ ላይ የግል ክፍል ከሆነ ከዚያ እጥፍ በላይ። የጤና መድን ከ140 ዩሮ በላይ። ስልክ፣ ምግብ፣ የሴሚስተር ክፍያ። የሚተርፈው እንኳን ለአጎት ልጅ ስልክ ሊገዛ፣ ለክረምት ጃኬትም ያሳስባል።

ስህተቱ በመጀመሪያው ወር መላክ ነው። አንዴ የላከ ሰው ላኪ ሆነ ማለት ነው፤ በሁለተኛው ወር ሲያቆም «ተለወጠ» ይባላል። እኔ ልኬ ነበር። ከዚያ የኪራይ ገንዘብ ተበደርኩ። ብድሩን ለመክፈል ሥራ አበዛሁ። ሥራው ሁለት ፈተና አስጣለኝ። በመጨረሻ ደፍሬ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ እኮ። ገና ሥራ አልያዝኩም።»

«እዛም ገንዘብ ጠፋ?»

የወር ሒሳቡን በዝርዝር ነገርኳቸው፤ ኪራይ ይህን ያህል፣ መድን ይህን ያህል። ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ምን ትበላለህ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከዘመድ መሃል ስለ ገንዘብ የማይጠይቁኝ እርሳቸው ብቻ ናቸው። የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ገና ሳትሄዱ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት፣ ሒሳቡን በወረቀት አሳዩ።

6. ርካሹን መድን መያዝ

አጭር ነው። በርካሽነቱ የግል ወይም የጉዞ መድን ገዝታችሁ ከሕዝባዊው መድን ነፃ ልሁን ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ትምህርታችሁን እስክትጨርሱ ተመልሳችሁ መግባት አትችሉም። የተማሪ ዋጋ የሚሠራው ደግሞ እስከ 30 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ከመነሳታችሁ በፊት አጣርታችሁ ጨርሱ።

ሌላው፣ ለአስቸኳይ 112 ነው። ሌሊት የሚያሳስብ ነገር ግን ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ 116117 ደውሉ።

7. ፈተናን እንደ አገር ቤት መጠበቅ

አገር ቤት ኩዊዝ አለ፣ ሚድ አለ፣ አሳይመንት አለ፤ ተለቃቅሞ ነጥብ ይሞላል። እዚህ ብዙ ኮርስ ላይ ያለው አንድ የመጨረሻ ፈተና ነው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ማንም አይጠይቃችሁም። ነፃነት ይመስላል። ገናን አክብራችሁ ቀና ስትሉ ፈተናው ደጅ ላይ ነው።

ለፈተናው በራሳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ኮርሱን መከታተል ምዝገባ አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ዕድል 3 ነው። ሦስተኛውን የወደቀ ብዙ ጊዜ በዚያው የትምህርት ዘርፍ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም መቀጠል ይከለከላል። ታማችሁ ከሆነ ታግላችሁ አትቀመጡ፤ በዕለቱ የሐኪም ወረቀት አምጡ።

ውጤቱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው 1.0 ነው። 4.0 ማለት ለጥቂት አለፍክ ማለት ነው። «4.0 አመጣሁ» ብላችሁ አገር ቤት ከደወላችሁ ግን በግ ይታረዳል። እኔ አላረምኳቸውም።

8. አንገት መነቅነቅ

አማካሪዬ ሥራውን አስረዳኝ። አልገባኝም። ነቀነቅኩ። «ግልጽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ሦስት ሳምንት የተሳሳተ መረጃ ስሰበስብ ከረምኩ። ሲያውቅ አልተቆጣም። «ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ አለኝ። መልሱን በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም አጣሁት። ይሉኝታ የሚለውን እንዴት ትተረጉሙታላችሁ?

እዚህ «አዎ» ማለት አዎ ነው፤ አክብሮት አይደለም። መምህራን በሳምንት የተመደበ የተማሪ ሰዓት አላቸው። ኢሜይል ጽፋችሁ ሂዱ። በሰው ፊት መጠየቅ ከከበዳችሁ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

9. የሥራ ቀን አለመቁጠር

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጋቢት ጀምሮ የውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት ሆናችሁ የምትሠሩት አይቆጠርም። ያለ ውል በድብቅ አትሥሩ። ብትያዙ የመኖሪያ ፈቃዱ አደጋ ላይ ነው።

10. ቤቱን አለማወቅ

መጀመሪያ ሻንጣው። እናቶች ቅቤና ቋንጣ ሳይጠቀልሉ አይሸኙም። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በተጓዥ ሻንጣ እንዳይገባ ይከለክላል። ጉምሩክ ላይ የእናታችሁ ቅቤ ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ማየት ቀላል አይደለም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ያዙ። ጨው የሌለው ቅቤ ከሱቅ ገዝታችሁ እዚሁ ታነጥሩታላችሁ።

ቡና ስትቆሉ ደግሞ መስኮት ክፈቱ። መኝታ ክፍልና መተላለፊያ ጣሪያ ላይ የጭስ ደወል አለ። እኔ ለመጀመሪያው በዓል ስቆላ የሕንፃው ሰው ሁሉ በካልሲ ደረጃ ላይ ወጣ። ወጥ ስትሠሩም ያው ነው። ክረምት ላይ ብርዱን ፈርታችሁ ከዘጋችሁ ግድግዳው ይሻግታል፤ ሻጋታው ከማስያዣችሁ ይቆረጣል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ቤቱን በተረከባችሁ ቀን ፎቶ ማንሳትም አትርሱ።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ አትጣሉ፤ ሱቅ ስትመልሱት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው።

ወደ ቢጫው ፖስታ ልመለስ። ልጁ የሴሚስተር ትኬት፣ ማለትም የተማሪ የትራንስፖርት ትኬት አለው። ኅዳር ላይ ባቡር ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። 60 ዩሮ ቅጣት ጻፉበት። በዚያው ሳምንት ቢሮ ሄዶ ትኬቱን ቢያሳይ ኖሮ ብዙ ቦታ የሚያስከፍሉት ወደ 7 ዩሮ ነው። እሱ ግን «ምን ብዬ አስረዳለሁ» ብሎ ተወው። ማስጠንቀቂያ መጣ፤ አልከፈተውም። ሌላ መጣ። ቢጫው ከፍርድ ቤት የመጣ የክፍያ ትእዛዝ ነበር። ለመቃወም የሚሰጠው ጊዜ 2 ሳምንት ነው። ፖስተኛው የጻፈውን ቀን አይተን በጣት ቆጠርን። አሥራ አንደኛው ቀን።

በማግስቱ ጠዋት ለተማሪዎች በነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ አብረን ሄድን። ልጁ ራሱ አስረዳ፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በእጁ። ቅጹን ሞልቶ ላከ። ማታ ቡናውን ቆላን፤ መስኮቱን ከፍቶ።