ወደ ሚዲየም ፎርማት ከመሻገርዎ በፊት በ0.79 ያባዙ
ወደ ዲጂታል ሚዲየም ፎርማት ካሜራ (ብርሃን ተቀባይ ክፍሉ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ 36 በ24 ሚሊሜትር ከሆነው ከፉል ፍሬም የሚተልቅ ካሜራ) ለመሻገር የሚያመነቱ ከሆነ፣ ሊገዙት ያሰቡትን ሌንስ የትኩረት ርቀትና የአፐርቸር ቁጥር (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ የሚያመለክተው፣ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋበት የኤፍ ቁጥር) በ0.79 አባዝተው ውጤቱን አሁን በእጅዎ ካለው የፉል ፍሬም ሌንስ ጋር ያነጻጽሩ። ለምሳሌ የፉጂፊልም 80 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7 ሌንስ በፉል ፍሬም ሚዛን 63 ሚሊሜትር ኤፍ 1.3 ገደማ ስለሚሆን፣ ኤፍ 1.2 ሌንስ ያለው ሰው ከዚህ የቀጠነ የትኩረት ጥልቀት (በፎቶው ላይ ጠርቶ የሚታየው የርቀት ክልል) አያገኝበትም። 44 በ33 ሚሊሜትር የሆነው ሴንሰር በቆዳ ስፋቱ ከፉል ፍሬም የሚበልጠው 1.7 እጥፍ ያህል ብቻ ነውና፣ ብልጫው በሌንሱ አፐርቸር ጠባብነት በቀላሉ ይጠፋል (ከዚህ ለሚተልቁት ሴንሰሮች ማባዣው ሌላ ነው)። በትራይፖድ ላይ፣ በዝቅተኛ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት መጠን) እና በጠበበ አፐርቸር መልክዓ ምድር የሚያነሱ ግን በዚህ ስሌት ብቻ አይወስኑ፤ የእነርሱ ትርፍ ትልቁ ሴንሰር ሳይሞላ በሚቀበለው ተጨማሪ ብርሃን ላይ ነው።