ሞባይል ሆም ከመግዛትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር ወይም ሲያትል አካባቢ ቤት ሲያፈላልግ የከረመ ሰው አንድ ቀን ሞባይል ሆም ፓርክ፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው የመጡ ቤቶች በኪራይ ቦታ ላይ የሚተከሉበት ግቢ፣ በር ላይ መድረሱ አይቀርም። ሌላው ቤት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በሚጠራበት ከተማ 70 ሺህ ሲባል ማን አይቆምም? እቁብ የደረሰው ሰውማ ልቡ እዚያው ይቀራል። እኔም አልንቀውም። በጥሬ ገንዘብ ለገዛና ስሌቱን ለሠራ ሰው ከአፓርታማ ሊሻል ይችላል።

የመጀመሪያው ስህተት የቤቱን ዋጋ ብቻ ማየት ነው። የገዙት ቤቱን ነው፤ መሬቱ የፓርኩ ነው። ሎት ሬንት የሚሉት የቦታ ኪራይ በየወሩ ይከፈላል። 900 ዶላር ነው እንበል፦ በ10 ዓመት 108 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከቤቱ በለጠ ማለት ነው። «አገር ቤትስ መሬቱ የመንግሥት አይደል?» ያለኝ ሰው አለ። ልክ ነው፤ ግን አዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። እዚህ ውሉ ብዙ ጊዜ የዓመት ነው፣ አንዳንዴም የወር።

ሁለተኛው፣ ኪራዩ ባለበት ይቆያል ብሎ ማሰብ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ፓርኩን የኢንቨስትመንት ድርጅት ይገዛውና ኪራዩ ሽቅብ ይወጣል። ተከራይ ቢሆኑ ሻንጣዎን ይዘው ይወጣሉ፤ ቤት ይዞ ግን የት ይኬዳል? ሕጉ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ዋሽንግተን ስቴት በ2025 ባወጣው ሕግ የቦታ ኪራይ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ገድቧል። ኮሎራዶ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመርን ይከለክላል እንጂ መጠኑ ላይ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ያለፉትን አምስት ዓመታት ጭማሪ ይጠይቁ፤ ከቢሮው ብቻ ሳይሆን ከጎረቤትም።

«ሞባይል» የሚለው ስም እንዳያታልልዎት። አንዴ ከተተከለ ማንቀሳቀሱ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። ያረጀ ከሆነ ደግሞ የሚቀበለው ፓርክ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው።

የተሠራበትን ዓመት ሳያዩ መግዛትም አለ። የፌዴራሉ የግንባታ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 1976 ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራ ቤት ውጪው ላይ ትንሽ ቀይ የብረት ምልክት አለው። ከዚያ በፊት ለተሠራ ግን ብድርም ኢንሹራንስም ማግኘት ከባድ ነው።

ብድሩን ከሞርጌጅ ጋር አያምታቱት። በብዙ ስቴቶች ፓርክ ውስጥ ያለ ቤት እንደ መኪና ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ያለው ንብረት ነው። ብድሩም ወለዱ ከፍ፣ ጊዜው አጠር ያለ ነው። ሻጩ ያመጣልዎትን አበዳሪ ብቻ ሰምተው አይፈርሙ፤ ክሬዲት ዩኒየንም (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ይጠይቁ።

ሲሸጡም ብዙ ፓርኮች ገዢውን ራሳቸው ካላጸደቁ ሽያጩ አያልቅም። ይህን ውሉ ላይ ያንብቡ።

ነዋሪዎቹ ተደራጅተው መሬቱን የገዙት ፓርክ ካገኙ ግን ነገሩ ይለያል። ኒው ሃምፕሺር ውስጥ ይህ ከ1984 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ኪራዩን የሚወስኑት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ፓርክ አካባቢዎ ካለ ፍለጋዎን ከዚያ ይጀምሩ።