አሜሪካ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ አርኤን (ፈቃድ ያለው ሙሉ ነርስ) ለመሆን፦ ከየት ይጀመራል፣ በምን ቅደም ተከተል ይኬዳል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ ነርሲንግ ሆሞችና ሆስፒታሎች ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። አረጋውያንን ሲያነሡና ሲያስተኙ፣ ሲያጥቡና ሲያበሉ ያድራሉ። ብዙዎቹ «አንድ ቀን አርኤን እማራለሁ» የሚል ሐሳብ ለዓመታት በልባቸው ይዘው ይኖራሉ። ጀምረው ያቋረጡትን ሰዎች ምክንያታቸውን ቢጠይቋቸው፣ ትምህርቱ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ የሚል ጥቂት ነው። የማያስፈልግ ኮርስ ወስደው፣ የሚያስፈልገውን አዘግይተው፣ ሙሉ ሰዓት እየሠሩ በአንድ ሴሚስተር አራት ኮርስ ተሸክመው ነው የደከሙት። ስለዚህ እዚህ ከሁሉም በላይ የማተኩረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

አርኤን ለመሆን ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ የአራት ዓመት ባችለርና በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው አሶሺየት የተባለ የሁለት ዓመት ዲግሪ። የሁለቱም ተመራቂዎች የሚፈተኑት ኤንክሌክስ አርኤን የተባለውን አንድ ፈተና ነው፤ የሚያገኙትም ፈቃድ አንድ ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን መንገድ ያፈለቁት ሚልድረድ ሞንታግ የተባሉ የነርሲንግ መምህርት ሲሆኑ፣ ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በክፍያ ረገድ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን «የሁለት ዓመት ትምህርት» ሲባል የሚቆጠረው ነርሲንጉ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የሚወሰዱት ቅድመ ኮርሶች አንድ ዓመት፣ ለሚሠራ ሰው ከዚያም በላይ ይፈጃሉ። ከሦስት እስከ አራት ዓመት ብለው ያቅዱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነርስ ከነበሩ እዚህ ላይ ይቁሙ

በዲፕሎማም ሆነ በዲግሪ ነርሲንግ ተምረው ከመጡ፣ ኮሌጅ ከመመዝገብዎ በፊት የሚኖሩበትን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ይጠይቁ። የውጭ አገር ነርሶችን ማስረጃ የሚመረምረው ሲጂኤፍኤንኤስ (አሁን ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል) ትምህርትዎን ገምግሞ ለቦርዱ ይልካል። ቦርዱ ከተቀበለው እንደገና ሳይማሩ በቀጥታ ለኤንክሌክስ ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዳንድ ስቴቶች የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጠይቃሉ። የሚያታክተው ማስረጃው ከተማሩበት ትምህርት ቤት በቀጥታ መላክ ያለበት መሆኑ ነው፤ አገር ቤት ሬጅስትራር ዘንድ የሚመላለስልዎ ታማኝ ዘመድ ያስፈልግዎታል። ወራት ቢፈጅም፣ የተማሩትን ትምህርት ሦስት ዓመት አውጥቶ ከመድገም እጅግ ይሻላል። ይህን ሳይጠይቁ ከዜሮ የጀመሩ ባለሙያዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ወረቀቶችን ማስተካከል

የስማችን ነገር ቀላል አይምሰልዎት። አሜሪካ ሲገባ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው ፊደል አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ይለያል፣ አንዳንዱ ጋ የአባት ስም ይቀራል። በኋላ የፈተና ማዕከሉ የመታወቂያዎ ስምና የተመዘገቡበት ስም ካልገጠመ አያስገባዎትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኮሌጁ፣ በባንኩ፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይያዙ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የምረቃ ዓመትም በፈረንጅ አቆጣጠር መተርጎሙን ያረጋግጡ።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ፣ በየትኛውም ዘርፍ ይሁን፣ ትራንስክሪፕትዎን ኮሌጁ በሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት ያስመርምሩ። ደብሊውኢኤስና ኢሲኢ በብዛት ተቀባይነት አላቸው። የሳይንስ ኮርሶቹ ባይያዙ እንኳ እንደ ሳይኮሎጂ ያለው ሊያዝልዎት ይችላል።

ኮሌጅ መምረጥ

ሁለት ነገር ያረጋግጡ። ፕሮግራሙ በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ የጸደቀ መሆኑን፣ ቀጥሎም ኤሲኢኤን በመሰለ ዕውቅና ሰጪ አካል ዕውቅና ያለው መሆኑን። ሁለተኛው ከሌለ ወደ ባችለር ሲሸጋገሩ ወይም ሥራ ሲያመለክቱ ሊከለከሉ ይችላሉ። ቦርዶች የየኮሌጁን የኤንክሌክስ ማለፊያ መጠን ለሕዝብ ስለሚያወጡ የጥቂት ዓመታቱን አስተያይተው ይምረጡ። በሜሪላንድ የሞንጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግ የሚሰጠው በታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ነው፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ትምህርት ካምፓሱ ያስተምራል። ሁለቱም ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች ሩቅ አይደሉም።

«በአጭር ጊዜ፣ ክፍል ሳይገቡ አርኤን» ከሚል ሰው ይራቁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት ፍሎሪዳ ከሚገኙ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማዎች መሸጣቸውን ይፋ አድርጎ ተሳታፊዎቹን ከሷል። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ገንዘባቸውንም ፈቃዳቸውንም አጡ።

ገንዘቡ

ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ በየዓመቱ ይሙሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው የፌዴራል እርዳታ ማግኘት ይችላል፤ በዲቪ የመጣም ግሪን ካርዱ እጁ እንደገባ ይችላል። በተማሪ ቪዛ ወይም በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ያለ ግን አይችልም። የማይመለሰው እርዳታ ፔል ግራንት ሲሆን ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ለብዙ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል።

ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ፔል ግራንት በዕድሜ ልክ ከ12 ሙሉ ሴሚስተር አይበልጥም። አድቫይዘር (የኮሌጁን የትምህርት አማካሪ) ሳያማክሩ የሚወስዱት እያንዳንዱ አላስፈላጊ ኮርስ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ጂ3 የሚባል የስቴቱ ፕሮግራም አለ፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጤና ትምህርቶችን ጨምሮ የክፍያ ክፍተቱን ይሞላል። የስቴቱ ነዋሪዎች የሚከፍሉትን ዝቅተኛ የትምህርት ክፍያ ለማግኘት የሚጠየቀው የቆይታ ጊዜ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ አድራሻዎ የሚታይባቸውን ደረሰኞች ከመጡበት ቀን ጀምሮ ያስቀምጡ።

ቅድመ ኮርሶች፦ ዋናው ውድድር እዚህ ነው

ከኮሌጁ ድረ ገጽ የነርሲንጉን የኮርስ ዝርዝር አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙበት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ስታትስቲክስ፣ የዕድገት ሳይኮሎጂ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ እንዲሁም ማይክሮባዮሎጂ ናቸው። እንግሊዝኛው ይቅደም። የምደባ ፈተናው ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ የሚሰጥ ትምህርት) ላይ ቢጥልዎት አይከፉ፣ አይዝለሉትም፤ በኋላ የሚመጡት ፈተናዎች ጥያቄውን በትክክል ባለማንበብ ብቻ የሚጥሉ ናቸው።

ብዙ ኮሌጆች የሳይንስ ኮርስ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ ከቆየ አይቀበሉትም። ስለዚህ ሳይንሱን ቀድሞ ወስዶ ቀሪውን ለዓመታት ማንጠልጠል ኪሳራ ነው። ለመግባት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውጤት ሲ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ በመሆኑ በሲ የሚገቡ አይምሰልዎት። የተደገመ ኮርስ ነጥብ የሚያስቀንስበት ኮሌጅም አለ። እንግዲህ አናቶሚን የሚወስዱበት ሴሚስተር ከእሱ ሌላ አንድ ቀላል ኮርስ ብቻ ይኑርዎት። ዘገየሁ ብለው አይጨነቁ፣ በአንድ ሴሚስተር መዘግየት ኤ ያለበትን ትራንስክሪፕት ካስገኘ ጊዜ ማትረፍ ነው።

አናቶሚን በሽምደዳ የሚያልፍ ሰው ኋላ በነርሲንጉ ይቸገራል። ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ተነሥቶ በሳንባ አልፎ ወደ ግራው እንዴት እንደሚመለስ፣ ግራው ሲደክም ውኃ ለምን ሳንባ ውስጥ እንደሚጠራቀም፣ ለቤተሰብዎ በአማርኛ ያስረዱ። በአማርኛ ያለ መጽሐፍ ማስረዳት ከቻሉ ገብቶዎታል፤ ከዚያ በእንግሊዝኛው ቃላቱን መያዝ ብቻ ይቀራል። የላብ ክፍሉን ክፍት ሰዓትና ነፃ አስጠኚዎችን ይጠቀሙ፣ ክፍያዎ ውስጥ አሉ።

የመግቢያ ፈተናና የጤና ማኅደር

ብዙ ኮሌጆች ቲስ የተባለውን ፈተና ይጠይቃሉ፤ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ፣ በ209 ደቂቃ 170 ጥያቄ። ሌሎች ሄሲ የሚባለውን ይፈልጋሉ። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መጽሐፍ አይግዙ። ፈተናውን አናቶሚን በጨረሱ ሰሞን ቢወስዱት ሳይንሱ ትኩስ ነው።

ተቀባይነት ሲያገኙ የወንጀል ነፃነት ምርመራ፣ የክትባት ማስረጃ፣ የልብና ሳንባ ነፍስ ማዳን ሥልጠና እና የዕፅ ምርመራ ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን የተከተብነው የቢሲጂ ክትባት የቲቢን የቆዳ ምርመራ ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ስለሚችል የደም ምርመራው እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ ነው። ባህል ነው ብሎ ማስረዳት አያድንም፤ ነርስ ለመሆን የሚያስብ ሰው ፈጽሞ ይተወው።

ነርሲንጉ ሲጀመር

ከዚህ በኋላ ሕይወትዎ ይለወጣል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ገና ሳይነጋ ሆስፒታል ይገኛሉ፤ ከዚህ ክሊኒካል ከሚባል የሆስፒታል ልምምድ ማርፈድ ወይም መቅረት እንደ ውድቀት ይቆጠራል። ማለፊያው በብዙ ቦታ ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ሁለት ኮርስ የወደቀ ተማሪ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል። ሙሉ የሌሊት ሺፍት እየሠሩ ይህን መወጣት ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሠራበት ቦታ አስቀድመው ይፈልጉ፣ በቅድመ ኮርሶቹ ዘመን ኦቨርታይም ሠርተው ለእነዚህ ሁለት ዓመታት ያስቀምጡ፣ ከባለቤትዎ ጋር ልጆቹን ማን እንደሚያደርስና እንደሚቀበል ከመጀመሩ በፊት ይስማሙ።

የመድኃኒት ስሌት ፈተና በየሴሚስተሩ አለ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ሒሳቡ የሰባተኛ ክፍል ነው፣ ግን ስህተት አይፈቅድም። ለምሳሌ ሐኪሙ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ቢያዝና ታካሚው 154 ፓውንድ ቢመዝን፣ 154ን ለ2.2 አካፍለው 70 ኪሎ ያገኛሉ፤ መጠኑ 350 ሚሊግራም ነው። ብልቃጡ በ2 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ከያዘ የሚስቡት 7 ሚሊሊትር ይሆናል። 5 ሲሉ 5.0 ብለው አይጻፉ፣ ነጥቧ ካልታየች 50 ተብሎ ይነበባል። ይህ የሰው ነፍስ ስለሆነ በቀን አሥር አሥር እየሠሩ እጅዎ እስኪለምደው ይለማመዱ።

የፈተና ጥያቄዎቹ ሌላ ፈተና ናቸው። አራቱም መልሶች ትክክል ይመስላሉ፤ የሚጠየቀው «የቱን ቀድመው ያደርጋሉ?» ነው። ከቀዶ ጥገና የተመለሰ ታካሚ ድንገት ቢቅበጠበጥና ግራ ቢጋባ ማስታገሻ ከመስጠት በፊት ኦክስጅኑን ይለካሉ፤ መቅበጥበጥ የአየር እጥረት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላልና። የአየር መተላለፊያ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፤ ይህን ተራ አይልቀቁ።

ደግሞም ክሊኒካል ላይ ዝም አይበሉ። በእኛ ቤት ታላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን አስተማሪዋ ዝምታዎን ያልተዘጋጁ መሆንዎ አድርጋ ልትወስደው ትችላለች። ታካሚው ምን ሆነ፣ ቀድሞ ምን ነበረበት፣ እኔ ምን አየሁ፣ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሪፖርት ማድረግን ቤትዎ ይለማመዱ።

ኤንክሌክስና ከዚያ በኋላ

ሲመረቁ ለቦርዱ ያመለክታሉ፣ 200 ዶላር ከፍለው ይመዘገባሉ፣ የፈተና ፈቃድ ሲደርስዎ ቀጠሮ ይይዛሉ። ፈተናው በኮምፒዩተር ነው፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እስከ አምስት ሰዓት። ኮምፒዩተሩ በመልስዎ መጠን ጥያቄውን ስለሚያከብድ ከበደኝ ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ከተመረቁ በኋላ ሳይዘገዩ ይቀመጡ። ባያልፉ ከ45 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ኮሎራዶ የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ በአንዱ ነዋሪ ሆነው ያወጡት ባለብዙ ስቴት ፈቃድ በሌሎቹም ያሠራል፤ ካሊፎርኒያ ግን አልገባችም። ኒውዮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ አርኤኖች በአሥር ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ ታስገድዳለች፤ ሌላም ቦታ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ። ይህን ቀሪ ትምህርት እየሠሩ በኢንተርኔት መጨረስ ይቻላል። ቀጣሪዎ የትምህርት ክፍያ እረዳለሁ ካለ፣ ከመፈረምዎ በፊት በምትኩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉና ቀድመው ቢለቁ ምን ያህል እንደሚመልሱ በጽሑፍ ይጠይቁ።