ኪሎ ሳይጨምሩ ጉልበት መጨመር፦ ለቀላል ክብደት አንሺዎች ችግርና መፍትሄ

ሰው የሚከብደው በሚበላው እንጂ በሚያነሳው ብረት አይደለም። በሳምንት አራት ቀን ከባድ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) የሚሠራ ሰው ከሚያቃጥለው በላይ ካልበላ ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። ጉልበት ግን በዚያው ኪሎ ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። ነርቭ፣ ሰውነት ካለው ጡንቻ ውስጥ አብዛኛውን በአንድ ጊዜ ማሠራት በልምምድ ይማራል፣ አነሳሱም እየጠራ ይሄዳል። ናይም ሱሌይማኖግሉ በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ከወለል አንስቶ ከራሱ በላይ አቁሟል። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚለየው ችግሩ ያለው ከሥልጠናው ነው ወይስ ከሳህኑ የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት በትክክል መመዘን ያስፈልጋል። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳትበሉና ሳትጠጡ ተመዘኑ፤ የሰባት ቀኑን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዩ። በ60 ኪሎ ሰው ላይ በአንድ ቀን ውስጥ የሚታይ የአንድ ኪሎ ልዩነት ምንም አይናገርም።

ምልክት፦ ሚዛኑም ብረቱም ቆሟል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው፣ ሁሉንም ነገር ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ (ሳያርፉ በተከታታይ ማንሳት) መሥራት ነው። ይህ ጡንቻ ያሳድጋል፤ ከባድ ብረት ማንሳትን ግን በደንብ አያስተምርም። ዋና ዋናዎቹን እንቅስቃሴዎች ወደ 3–5 ድግግሞሽ አውርዱና ከ4 እስከ 5 ዙር (ዕረፍት የሚለያቸው የድግግሞሽ ስብስቦች) ሥሩ። ክብደቱ አንዴ ብቻ ልታነሱት ከምትችሉት (ጣሪያ እንበለው) ከ80 እስከ 87 በመቶ ይሁን። በዙሮች መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዕረፉ። ደቂቃ ተኩል ብቻ አርፎ የሚቀጥል ሰው የሚያሠለጥነው ትንፋሹን ነው። እያንዳንዱን ዙር አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ ሲቀራችሁ አቁሙ፤ ተንቀጥቅጦ የሚወጣ ድግግሞሽ ለነገ ድካም ይተዋል፣ አነሳስም ያበላሻል።

የስኳት ጣሪያው 100 ኪሎ የሆነ ሰው እንዲህ ይጀምር፦ አንደኛ ሳምንት 80 ኪሎ በ5 ዙር 3 ድግግሞሽ፣ ሁለተኛው 82.5፣ ሦስተኛው 85። አራተኛው ሳምንት ማረፊያ ነው፦ 70 ኪሎ፣ 3 ዙር ብቻ። ከዚያ በ82.5 እንደገና ይጀመራል። ማረፊያውን ሳምንት «ደህና ነኝ» ብለው የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለ የአራት ሳምንት ዑደት ሁለት ጊዜ ካለፈ በኋላ ጉልበታቸውንና ክርናቸውን ያማቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የጭማሪው መጠን ነው። በአብዛኛው ጂም ያለው ትንሹ ፕሌት (ብረቱ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ክብደት) 1.25 ኪሎ ስለሆነ በሁለቱ ጎን ሲገባ 2.5 ኪሎ ይሆናል። 100 ኪሎ ቤንች (አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ለሚገፋ ሰው ይህ 2.5 በመቶ ነው። 40 ኪሎ ከራሱ በላይ ለሚገፋ ቀላል ሰው ግን ከ6 በመቶ ይበልጣል፤ ይህን በየሳምንቱ ጨምሮ የሚዘልቅ የለም። የ0.5 ወይም የ0.25 ኪሎ ፕሌቶች ካሉ ችግሩ ተፈታ። ከሌሉ ኪሎውን ሳትነኩ ድግግሞሹን ጨምሩ፦ በ40 ኪሎ 5 ዙር በ3፣ ቀጥሎ በ4፣ ቀጥሎ በ5፤ ከዚያ 42.5 ጭናችሁ ወደ 3 ተመለሱ።

ሦስተኛው «ጡንቻ ወጥቶ ምድቤን ያሳልፈኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ትርፍ ምግብ ከሌለ ጡንቻ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ስብ እየቀነሰ ቦታውን ሲለቅለት ደግሞ ሚዛኑ ላይ አይታይም። በዚያው 60 ኪሎ ላይ ብዙ ጡንቻና ትንሽ ስብ መያዝ ለቀላል አንሺ ከሁሉ የተሻለ ትርፍ ነው። ስለዚህ ከዋናው ሥራ በኋላ ለጀርባና ለእግር 2 ወይም 3 ዙር፣ ከ6 እስከ 10 ድግግሞሽ አትተዉ።

ምልክት፦ ጉልበቱ ጨመረ፣ ኪሎውም ተከተለው

ጭማሪው መቼ እንደመጣ እዩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዱብ ያለ ኪሎ ውኃ ነው። ክሬቲን (ለጉልበት የሚወሰድ ማሟያ) በቀን 20 ግራም ለ5–7 ቀን «በመጫን»፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ በብዛት በመውሰድ፣ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ኪሎ አካባቢ ይጨምራል። መጫኑን ትታችሁ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ብቻ ውሰዱ፤ የምትጀምሩትም ውድድር ሩቅ ሳለ ይሁን። ለቀናት ካርቦሃይድሬት ቀንሶ ከቆየ በኋላ በደንብ የበላ ሰውም ይከብዳል፤ ጡንቻ ውስጥ የሚከማች እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን (የተከማቸ ካርቦሃይድሬት) ሦስት ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ዑደታቸውን ተመሳሳይ ሳምንት ከተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ።

አማካዩ ለሦስት ሳምንት በተከታታይ 0.2 ወይም 0.3 ኪሎ እየጨመረ ከሄደ ግን ምግብ ነው። በቀን ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ቀንሱና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ፕሮቲኑ አይነካ፦ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም፣ ለ60 ኪሎ ሰው በቀን ከ96 እስከ 132 ግራም ማለት ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው የሚጠጣው ነገር ነው። «ዌይት ጌይነር» (ኪሎ መጨመሪያ) ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ዋና ይዘቱ ካርቦሃይድሬት ነው።

ምልክት፦ የማሟሟቂያው ብረት እንኳ ከብዷል

እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ሰውነት ይበርደዋል፣ ጉንፋን ይመላለሳል፣ ንጭንጭ ይበዛል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ትንሽ መብላት ነው። ሚዛኑ አይቀንስ ይሆናል፤ ሰውነት ወጪውን ቆጥቦ ስለሚኖር በሚዛን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በቀን ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ጨምሩ፣ አብዛኛው በሥልጠና ሰዓት አካባቢ የሚበላ ካርቦሃይድሬት ይሁን። ለሁለት ሳምንት የዙሩን ቁጥር በሲሶ ቀንሱ፣ በብረቱ ላይ ያለውን ኪሎ ግን አትቀንሱ። የወር አበባዋ ለሦስት ወር የቀረባት ሴት ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ይህ አጥንት የሚያሳሳ ችግር ነው።

ምልክት፦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል

ቤንች ከደረት ላይ አልነሳ ካለ በጣሪያችሁ 70 በመቶ ክብደት ደረት ላይ ሁለት ሰከንድ እያቆማችሁ ግፉ። ስኳት ላይ ዳሌ ቀድሞ ከተነሳና ደረት ከተደፋ ታች ላይ እንዲሁ አቁሙ። ዴድሊፍት (ብረት ከወለል ስቦ ቀጥ ብሎ መቆም) ከወለል ካልለቀቀ ብረቱ ከቅልጥማችሁ ርቆ እንደሆነ እዩ፤ በጫማችሁ ክር መሃል ላይ ይሁን፣ ከመሳባችሁ በፊትም ክንዳችሁን ወጥሩ። ጣት ቀድሞ ከተከፈተ ችግሩ ጀርባ አይደለም፦ አውራ ጣትን በሌሎቹ ጣቶች ሥር አስገብታችሁ ያዙ፣ የመጨረሻውን ድግግሞሽም 10 ሰከንድ ያዙት።

ምልክት፦ በልምምድ ጠንካራ፣ በውድድር ባዶ

በዓለም አቀፍ የፓወርሊፍቲንግም (የስኳት፣ የቤንችና የዴድሊፍት ውድድር) ሆነ የኦሎምፒክ ክብደት ማንሳት ውድድር ሚዛን የሚጀመረው ከውድድሩ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ሦስት ኪሎ በላብ ያፈሰሰ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ አይመለስም። በልምምድ ወቅት ከምድባችሁ ከ1 እስከ 2 በመቶ በላይ አትራቁ። ያቺን ትርፍ ለማውረድ በመጨረሻዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት አሠር የበዛበትን ምግብ መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ አንጀት ውስጥ የሚቀረው ይቀላል። ከሚዛን እንደወረዳችሁ ጨውና ስኳር ያለው ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ጠጡ። የሚያሸና መድኃኒት በጭራሽ አይነካ፤ አደጋው እንዳለ ሆኖ፣ በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ ከውድድር ውጭም የተከለከለ ነው። ከምድቡ አምስት ኪሎ በላይ ሆኖ በየውድድሩ የሚታገል ሰው ወደሚቀጥለው ምድብ ይውጣ።